ሲስተሙን ከመረከባችሁ በፊት ከባለጉዳዩ ጎን ተቀመጡ

ለፌዴራልና ለክልል መሥሪያ ቤቶች የሥራ ኃላፊዎች፣ ለአይሲቲ ክፍሎች፣ ለመንግሥት ሶፍትዌር ለምትሠሩ ባለሙያዎች
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ የኦንላይን አገልግሎቶች ለሚጠቀምባቸው ሰው እንዲመቹ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ወገኖች፣

አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ቤት አለኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ስካን፣ ጉርድ ፎቶ እንሠራለን። ከዚህ ሁሉ በላይ ጊዜያችንን የሚበላው ግን ፎርም መሙላት ነው። የፓስፖርት፣ የልደት ምዝገባ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ወደ አረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ልጆች ምዝገባ፣ ሁሉም በእኛ እጅ ያልፋል። "አገልግሎቱ ኦንላይን ሆኗል" የሚል ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር እኛ ቤት ወረፋው ይረዝማል። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ ይጨርሰዋል የተባለውን ጉዳይ ይዞ እኛ ዘንድ ይመጣል። ወረፋው ከእናንተ ደጅ ተነስቶ እኛ ደጅ ተሰለፈ እንጂ አልቀረም።

እኛ በዚህ ገቢ እናገኛለን። ቢሆንም ልክ አይደለም። ሰው ለፎቶ ኮፒ ቢከፍል ያባት ነው። የራሱን ስምና የልደት ቀን ለመጻፍ ግን ለማንም መክፈል የለበትም።

ኦንላይን መሆኑን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ለአንድ ፊርማ ከጋምቤላ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ፣ አልጋ ይዞ አድሮ፣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ተብሎ የሚመለስ ሰው ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ሲጸድቅ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። የምጽፍላችሁም ነገሩ እንዲሳካ ስለምፈልግ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሲስተሙ ተሠርቶ ከማለቁ በፊት፣ የሚሠራው ባለሙያ ከሚጠቀምበት ሰው ጎን ተቀምጦ ይይ። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ምን እንደሚመጣ በየቀኑ ስለማይ ልንገራችሁ።

ከስም ልጀምር። የእኛ አገር ሰው ያለው የራሱ ስም፣ የአባቱ ስምና የአያቱ ስም ነው። ብዙ ፎርሞች ግን የሚጠይቁት "ፈርስት ኔም፣ ሚድል ኔም፣ ላስት ኔም" እያሉ ነው። "ላስት ኔም የቱ ነው? አባቴ ነው አያቴ?" ይሉናል። መልሱ እንደ ፎርሙ ይለያያል። አንዱ አባትን ይፈልጋል፣ ሌላው አያትን። በአንዱ እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ የተሞላለት ሰው፣ ሁለቱ ማስረጃዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ "ስምህ አይመሳሰልም" ይባላል። ከዚያ ወረዳ፣ ከወረዳ ፍርድ ቤት እየተመላለሰ ይከርማል። ኃይለ ማርያም፣ ገብረ መድኅን፣ ወልደ ሰንበት የሚባሉ ሰዎችማ ችግራቸው ድርብ ነው። አንዱ ሲስተም በስም መካከል ክፍተት አይቀበልም። ሌላው ክፍተቱን ሲያይ ማርያምን የሰውየው አባት አድርጎ ይመዘግባታል።

መፍትሔው ብዙ ብር የሚፈልግ አይደለም። ሳጥኖቹ ላይ "ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም" ተብሎ ይጻፍ። ክፍተት ይፈቀድ። አንድ ቀን መስኮት አጠገብ የቆመ ባለሙያ ይህን ሁለቱንም ያለ ማንም አስተማሪ ያገኘዋል።

ቀን ከስም ይብሳል። ባለጉዳይ "ጥቅምት 1998 ነው የተወለድኩት" ይላል። ፎርሙ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ብቻ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ በሰው እጅ ይሠራል፤ ብዙ ሰውም "ስምንት ደምርበት" ብሎ ያልፋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ሰው ግን የሚደመረው ሰባት ነው። ስምንት የሚሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። በጥቅምት 1998 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ የ2005 ልጅ ናት። ስምንት ደምሮ 2006 ብሎ የሞላላት ሰው አንድ ዓመት ቀነሰባት። ያቺ አንድ ዓመት የልደት ካርዷና ፓስፖርቷ እንዳይገናኙ ታደርጋለች። ዕድሜ የሚቆጠርበት ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ ዋጋ ታስከፍላለች።

ጳጉሜን የተወለደ ሰውስ? "የኢትዮጵያ አቆጣጠር አለው" ተብሎ የወር ዝርዝሩ 12 ላይ የሚያበቃ ፎርም አጋጥሞኛል። እንዲህ ሲሆን ሰዉ ወደ ነሐሴ ወይም ወደ መስከረም ይገፋል። ወደ መስከረም ከተገፋ ዓመቱም አብሮ ይቀየራል። ጳጉሜን 6 የተወለደ ደግሞ ቦታ የለውም፤ ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ናት ብሎ የጻፈው ልጅ በየአራት ዓመቱ ስድስት እንደምትሆን አላስታወሰም። 2015 ላይ ስድስት ነበረች፣ 2019 ላይም ትሆናለች።

ይህን ሒሳብ ከኮምፒውተር የተሻለ የሚሠራ ማን አለ? ሰው በሚያውቀው አቆጣጠር ይጻፍ፤ መቀየሩን ማሽኑ ይቻለው። ደግሞም እንደሚቻል እዚሁ አገራችን ታይቷል። የፋይዳ ካርድ ላይ የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ታትሟል። ስምም በአማርኛና በእንግሊዝኛ አለ። የሠሩት ሰዎች ካርዱን የሚይዘውን ሰው አስበውታል፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

ስለ ሰዓት አጭር ነገር ልበል። "ቀጠሮዎ 9:00 ነው" የሚል ሜሴጅ ለባለጉዳይ ይላካል። ባለጉዳዩ ከምሳ በኋላ፣ በእኛ 9 ሰዓት፣ ተጣጥቦ ይደርሳል። ቢሮው የጠራው ግን ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። "ቀጠሮህ አልፏል" ይባላል። "ጠዋት 3 ሰዓት" ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ። ኢሜይልና ኮድ ነው።

አንዲት ጠና ያሉ እናት ባለ ቁልፍ ስልክ ይዘው መጡ። ፎርሙ ከስማቸው በፊት የጠየቃቸው ኢሜይል ነው። የላቸውም። ያለ እሱ ደግሞ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። እኛ ቤት የሚሠራው ልጅ ኢሜይል ከፈተላቸው፣ ፓስዎርድም አወጣላቸው። ከዚያ ስልክ ቁጥር ተጠየቁ። ቀድሞ የተመዘገበላቸው ቁጥር የልጃቸው ሆኖ ተገኘ፤ ልጁ ያለው ድሬዳዋ ነው። በሜሴጅ የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ ለእሱ ሄደ። ደወሉለት፣ ሥራ ላይ ስለነበር አላነሳም። ደግመው ሲደውሉ አነሳና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገራቸው፤ እሳቸው ለእኛ ነገሩን። ስናስገባው ጊዜው አልፎበታል። ገጹ ተዘግቶ የሞላነው ሁሉ ጠፋ፤ እንደገና ከኢሜይል ጀመርን። እናትየው "አስቸገርኳችሁ ልጆቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ" አሉን።

ይቅርታ መጠየቅ የነበረባቸው እሳቸው አልነበሩም። ስማቸውን ያውቃሉ፣ ልደታቸውን ያውቃሉ፣ ያስፈልጋል የተባለውን ማስረጃ በፌስታል አሟልተው መጥተዋል። ከእሳቸው የጎደለ አንድም ነገር አልነበረም።

እኛ ቤት አንድ ደብተር አለ። የባለጉዳዮች ኢሜይልና ፓስዎርድ ተጽፎበታል። ብዙዎቹ ወረቀቱን ይጥሉታል፣ ስለዚህ ሲመለሱ እንድንፈልግላቸው እኛው ዘንድ እንዲቀመጥ ይጠይቁናል። ደብተሩን ቆልፌ ነው የማስቀምጠው። ግን የሰው አካውንት ቁልፍ እኔ ዘንድ ምን ይሠራል? በየመሥሪያ ቤቱ አጠገብ እንዲህ ያለ ደብተር የያዘ ቤት አለ። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። ሕጉን ያወጣው መንግሥት የሚያሠራው ፎርም ግን ሰዉ የግል መረጃውን ለማያውቀው ሰው እንዲያስረክብ ያስገድደዋል። እባካችሁ ይህን አስቡበት። ኢሜይል የሌለው ሰው ያለ ኢሜይል ይለፍ። ኮዱ ሰው ደውሎ ተነጋግሮ የሚደርስበት ጊዜ ይሰጠው። የተሞላው እየተሞላ ይቀመጥ፣ መብራት ቢሄድም ኔትወርክ ቢቋረጥም ሰው ካቆመበት ይቀጥል።

መስኮት ላይ የምትቀመጠውንም ሠራተኛ አትርሷት። እሷም ተጠቃሚ ናት፣ እንዲያውም ሲስተሙን ከማንም በላይ የምትጠቀመው እሷ ናት። ባለጉዳይዋ ስሟን "ፀሐይ" ብላ ትነግራታለች። በ"ጸ" ይሁን በ"ፀ"፣ በ"ሐ" ይሁን በ"ሀ" የተመዘገበው አታውቅም። አንዱን ትጽፋለች፤ ኮምፒውተሩ የለም ይላታል። ሌላውን ትሞክራለች፤ አሁንም የለም። ከኋላ ሰልፉ ይጮሃል። በመጨረሻ "ፋይልሽ አልተገኘም፣ ነገ ነይ" ትላለች። ሴትየዋ ደግሞ ፋይሏ ጠፋ ብላ ትደነግጣለች። ሲፈለግ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንደ አንድ እንዲያያቸው ማድረግ ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የዓለምን ፊደላት በሚያውቁበት የጋራ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ኮምፒውተር አማርኛ አይችልም የሚባልበት ዘመን አልፏል።

ሠራተኛዋ ከኮምፒውተሩ ጎን መዝገብ እንደምትይዝም አይታችሁ ይሆናል። ሲስተሙ የማይቀበላትን ነገር በእስክሪብቶ የምትጽፍበት ነው። አንዳንድ ኃላፊዎች ይህን እንደ ኋላቀርነት ያዩትና "መዝገብ ክልክል ነው" ይላሉ። እኔ ግን ሲስተም የሚሠራ ሰው ብሆን መጀመሪያ የምለምነው ያንን መዝገብ ነበር። ሲስተሙ የሚጎድለው ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ሌሎችም አሉ። ከ1 ሜጋባይት በላይ ከሆነ የማይቀበል ግን ይህን የማይናገር የፎቶ ቦታ አለ። የትኛው ሳጥን እንደተሳሳተ ሳይገልጽ በእንግሊዝኛ "ኢንቫሊድ" ብቻ የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ። አፋርኛ ወይም ሶማሊኛ ብቻ ለሚችል ሰው ምንም የማይናገር ገጽ አለ። ማየት ለተሳነው ሰው የሥዕል ፈተና አቅርቦ "ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ" የሚል አለ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። ጆን ጉልድና ክሌይተን ሉዊስ የተባሉ የአይቢኤም ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ሦስት ነገር አሳስበው ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ የሚጠቀመውን ሰውና ሥራውን እወቁ። ሰው ሲሞክረው እያያችሁ ለኩ። ያያችሁትን አስተካክላችሁ እንደገና ሞክሩ። ይህን የሰማ ባለሙያ ሁሉ "ይሄማ የታወቀ ነው" ይላል። ነገር ግን ራሳቸው ባለሙያዎች ሲስተም ሲሠራ የሚደረገውን እንዲዘረዝሩ ሲጠየቁ፣ ሦስቱንም የጠቀሱት ጥቂቶች ነበሩ። ሰው የታወቀ የሚለውን ነገር ለመሥራት አይቸኩልም።

ሀብታም አገርም ይሳሳታል። አሜሪካ ለጤና መድን መመዝገቢያ ያሠራችው ድረ ገጽ ጥቅምት 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ሲከፈት፣ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን መጨረስ የቻሉት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ግን ለእኛ በጣም ቅርብ ነው፤ ሰዉ ዋጋውን እንኳ ከማየቱ በፊት አካውንት እንዲከፍት ይገደድ ነበር። ሁሉም እዚያች በር ላይ ተጨናነቀ።

ጎረቤታችን ኬንያ ያደረገችውን ግን ተመልከቱ። ኤምፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀሻ በ2005 እ.ኤ.አ. ሙከራው ሲጀመር የታሰበው ከብድር ተቋም ገንዘብ የወሰዱ ሰዎች በስልክ ዕዳቸውን እንዲከፍሉበት ነበር። ሰዎቹ ግን በራሳቸው ጊዜ ሌላ ነገር ያደርጉበት ጀመር፤ እርስ በርስ ገንዘብ ይላላኩበታል። ባለቤቶቹ "አጠቃቀሙን አላወቁበትም፣ ሥልጠና እንስጣቸው" ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። እነሱ ግን ተቀምጠው አዩ። በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲከፍቱት "ገንዘብ ወደ ቤት ላክ" ብለው ከፈቱት። ዛሬ እኛም አገር ገብቷል።

"ሥልጠና" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ችግር ስንነግራችሁ ብዙ ጊዜ የምትሰጡን መልስ "ኅብረተሰቡ ገና ነው፣ የግንዛቤ ማስጨበጫ እንሰጣለን" የሚል ነው። ባነር ይሰቀላል፣ በራሪ ወረቀት ይበተናል። በዚህ አልስማማም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ለጉልት ነጋዴዋ አዳራሽ ተከራይቶ ያሠለጠናት የለም። ኢንተርኔት በሌለው ስልክ *127# ብላ፣ በምትሰማው ቋንቋ፣ የሽንኩርት ሒሳቧን ትቀበላለች። ሕዝባችን የሚጠቅመውንና የሚገባውን ነገር ሲያገኝ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚማር እሷ ታሳያችኋለች። ከዚያች ሴት አቅም በላይ የሆነ ፎርም ከሠራችሁ መስተካከል ያለበት ፎርሙ ነው።

"በጀት የለም፣ ጊዜ አጥሮናል" የምትሉም አላችሁ። ጨረታው፣ ውሉ፣ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ እንዴት እንደሚያስጨንቃችሁ ይገባኛል። ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት ርክክብ መፈጸም አለበት። እናም ርክክቡ በስብሰባ አዳራሽ ይሆናል። ድርጅቱ በትልቅ ስክሪን ራሱ ያሳያል፣ ጥሩ ኔትወርክ አለ፣ የሚሞላው ስም አጭር ነው፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ፊርማው ያልቃል። በማግስቱ ያ ፎርም እኛ ቤት ይመጣል።

እኔ የምጠይቀው ርክክቡ ሌላ ቦታ እንዲሆን ነው። ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ። ክፍያው ሙሉ በሙሉ ከመፈጸሙ በፊት ጉዳይ ያላቸው እውነተኛ ባለጉዳዮች፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ያልሆኑ፣ በራሳቸው ስልክ ይሞክሩት። ለመጀመሪያ አምስት ሰው ይበቃል፤ ትልልቆቹ ስህተቶች ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰው ይወጣሉ። አንዷ ከገጠር የመጣች ትሁን፣ አንዱ ማየት የተሳነው፣ አንዱ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ፣ አንዱ አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ፣ አንዷ ራሷ መስኮት ላይ የምትሠራ። ባለሙያው አጠገባቸው ይቀመጥ፤ "እሱን ሳይሆን ይኼኛውን ይጫኑ" እንዳይል ግን አደራ። የት እንደቆሙ፣ የት እንደተሳሳቱ፣ የት ላይ ሰው እንደጠሩ ይጻፍ። ተስተካክሎ ሌላ አምስት ሰው ይምጣ። ይህ የሚወስደው ቀናት ነው። በኋላ በየወረዳው ስም ለማስተካከል ከሚፈሰው ጊዜ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ሪፖርታችሁም ቢቀየር ደስ ይለኛል። "ይህን ያህል አገልግሎት ኦንላይን አስገብተናል" የሚለው ቁጥር ስለ ሕዝቡ ብዙ አይነግራችሁም። ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ ጨረሰ? ከጨረሱት ውስጥ ስንቱ ማንም ሳይረዳው ጨረሰ? ስንቱስ ኢሜይል የሚለው ሳጥን ላይ ቆሞ ተመለሰ? የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሲስተሙ ራሱ ይመዘግባል፤ መካከለኛውን እኛን ጠይቁን። በየስብሰባው የሚነበበው ይህ ቁጥር ቢሆን ምን እንደሚስተካከል ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

አሁን አዲስ ነገር ጀምራችኋል። መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ የብዙ መሥሪያ ቤቶችን መስኮት አንድ ጣሪያ ሥር እየሰበሰበ ነው። ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ሁሉም ዓይነት ባለጉዳይ አንድ አዳራሽ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ባለሙያዎቻችሁ ሩቅ ሳይሄዱ ቁጭ ብለው ማየት ይችላሉ። በእያንዳንዱ ማዕከል ለዚህ ብቻ የተመደበ አንድ ወንበር ይኑር። ሲስተሙን የሚሠሩት ልጆች በየተራ ይቀመጡበት።

ወደ እኛም ኑ። የእኔ ቤት ብቻ አይደለም፣ በየክፍለ ከተማው፣ በየዞኑ ከተማ፣ መሥሪያ ቤት ባለበት ሁሉ እንዲህ ያለ ቤት አለ። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ሰው ይበዛል፤ ያን ሰዓት ብትመርጡ ይሻላል። ሰኞ ከሌላው ቀን ይከብዳል። ካሜራና ልዑካን አያስፈልግም። ሪፖርት የሚጽፈው ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙን የሚጽፈው ልጅ ራሱ ይምጣ። ባለጉዳዩን ፈቃድ እንጠይቅላችኋለን። የመሥሪያ ቤታችሁን ፎርም ስንሞላ ከጀርባችን ቁሙ፣ የማይገባችሁን ጠይቁን፣ የምናውቀውን ያለ ክፍያ እንነግራችኋለን። ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ቤት ባለቤት
አዲስ አበባ